ቧንቧው ጋ ማንም አልነበረም

ሰው በሥራ ቦታው አንድ ቅጽል ስም፣ በመዝናኛው ቦታ ሌላ ቅጽል ስም ከወጣለት በሁለቱም ቦታ እንግዳ ነው ማለት ነው። ይህችን ሴት ጥርስ በሚሠራበት ቤት «ሞተረኛዋ» ይሏታል፤ በሞተር ውድድሩ ሜዳ ደግሞ «ዶክተር» ይሏታል። ዶክተር ግን አይደለችም። ሐኪሞቹ የሰውን የአፍ ልክ ወስደው ይልኩላታል፤ እሷ ከኋላ ክፍል ተቀምጣ ልኩን በጀሶ ትቀዳለች፣ ድዱን በሰም ታበጃለች፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ትደረድራለች፣ ትሞርዳለች፣ ታወለውላለች፣ በትንሽ ካርቶን አድርጋ ትመልሳለች። ሰዎቹን አታያቸውም። ዘመኗን ሁሉ የሰው ፈገግታ ስትሠራ ኖራ ባለቤቶቹ ሲስቁበት አይታ አታውቅም። አይታለች ከተባለ የእናቷን ነው። እናትየው ደግሞ «ያንገላታኛል» እያሉ ብርጭቆ ውስጥ ያኖሩታል፤ የሚያደርጉት እንግዳ ሲመጣ ነው። ልጃቸው ስትመጣ አያደርጉትም፤ እሷ እንግዳ አይደለችማ።

ባል ነበራት። አንድ ቀን «ወይ ሞተሩን ወይ እኔን» አላትና መልሱን ሳይጠብቅ ልብሱን ሰብስቦ ወጣ። ደህና ሰው ነበር፤ መልሱን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ከሥራ ቤትና ከእናቷ አልጋ ሌላ የምትሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ቀራት፤ ያ ሜዳ። እኔ ሞተር ላይ ተጎንብሶ በአንድ መንገድ ዞሮ ዞሮ የተነሱበት ቦታ መመለስ ምን እንደሚጥም አይገባኝም። እሷን ግን ሞተሩ ላይ ስትወጣ ያያት ሰው ትከሻዋ ሲረግብ ያስተውላል። ቀኑን ሙሉ ጀሶ ላይ አቀርቅራ የምትውል ሴት ቀና የምትለው ሄልሜት ስታጠልቅ ነው።

ውድድር ላይ ያለ ሰው ከሄልሜቱ ውስጥ ምንም አይሰማም፤ ከራሱ ትንፋሽና ከሞተሩ ጩኸት በስተቀር። ስንተኛ እንደሆነ፣ ማን እየደረሰበት እንደሆነ፣ ስንት ዙር እንደቀረው የሚያውቀው የራሱ ሰው ከመንገዱ ዳር፣ ከግንቡ ኋላ ቆሞ ሰሌዳ ሲያሳየው ነው። የእሷን ሰሌዳ ይይዝ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ነበር። ወንድምየው ዳቦ ቤት ነው የሚሠራ፣ ዳቦ በመኪና እየዞረ ያከፋፍላል። የሚቆመው የግንቡ ጫፍ፣ የውሃ ቧንቧው ጋ ነበር፤ ከመጨረሻው ኩርባ ብቅ ስትል መጀመሪያ የምታየው ቦታ ስለሆነ። ቁጥር ማገላበጥ ልማዱ ነው። አንድ ጊዜ ስድስተኛ ሆና ዘጠነኛ ብሏት በንዴት ሦስት ሰው አልፋለች። ቢሆንም ሰው አላት፤ ቀና ስትል እዚያ ቧንቧ ጋ የሚያያት ሰው አለ።

ምላስና ጥርስ እንኳ ይጋጫሉ። ባለፈው ዓመት በዝናብ ስትወዳደር የዛፉ ኩርባ በሚሉት ቦታ ወደቀችና የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ወንድምየው ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ቆመ። እርጥብ ጫማው ወለሉን አበላሽቶት ነበር።

«ተይው በቃ» አላት።

«አልተውም ጋሼ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ከዛሬ ወዲያ እዚያ ቧንቧ ጋ ቆሜ ካየሽኝ፣ እማዬን ላረዳሽ መጥቻለሁ ማለት ነው። ከዚያ በቀር እግሬን እዚያ አታይውም። እማዬን!»

«አትምጣ» አለችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

እነዚህ ሁለቱ ከአንድ እናት ሆድ የወጡ ግትሮች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ሳይገናኙ ከረሙ። እናትየው ልባቸው ደክሞ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል፤ የሚኖሩትም ወንድምየው ቤት ነው። እሷ የምትጠይቃቸው እሱ ዳቦ ሊያደርስ በሚወጣበት ሰዓት ነው። እሱም ሲመለስ ወንበሩ አልጋው አጠገብ ተስቦ ሲያገኘው ማን እንደመጣ ያውቃል፤ መልሶ ቦታው ያደርገዋል እንጂ አይጠይቅም።

አሁን የማወራው ስለ ዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነው። በሜዳው ደንብ በዓመቱ ውስጥ አንድ ውድድር እንኳ ያልጨረሰ ሰው የውድድር ፈቃዱ አይታደስለትም፤ ተመልሶ ከጀማሪዎች ጋር ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ፈተና መቀመጥ አለበት። የእሷ ትከሻ እስኪጠገን የዓመቱ ግማሽ ሄደ። ከዚያ አንዴ ሰንሰለት ተበጠሰባት፣ አንዴ ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። ይህን ካልጨረሰች አበቃ። በአርባ አምስት ዓመቷ ከአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ጋር ሰደርያ ለብሳ እንደማትሰለፍ ራሷን ታውቀዋለች። ማሸነፍ አልተመኘችም፤ መስመሩን ማለፍ ብቻ ነበር የፈለገችው።

ዓርብ ማታ ወደ እናቷ ደወለች። እናትየው መጀመሪያ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እሁድ ትመጫለሽ?»

«ሥራ አለኝ እማዬ። ሐኪሞቹ አጣድፈውኛል።»

«የሰው ጥርስ እሁድም አያርፍም?» አሉ እናትየው። «ወንድምሽም እሁድ ሥራ አለኝ ብሏል። ሁለታችሁም ሥራ በዝቶባችኋል። ግድ የለም፣ ጎረቤቴ ትውልልኛለች።»

ስልኩን ዘጋች። ሰኞ በጠዋት ሄጄ ቁጭ እላለሁ ብላ ራሷን አጽናናች።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ስትደርስ ዝናቡ ቀድሟት ነበር። ዝናብ ሲባል የሚያባራ፣ የሚያስቅ ዝናብ አይደለም፤ ሥራ እንዳለው ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት የሚዘንብ። ሞተሯን ከአሮጌው ሚኒባሷ በጣውላ አወረደችና እንደ ጋጣ በተከፋፈለው መጠለያ ውስጥ አቆመች። በስተቀኟ ያለው ተወዳዳሪ ከአባቱ፣ ከሁለት ወንድሞቹና ከእጮኛው ጋር መጥቷል፤ አንዱ ጎማ ይፈታል፣ አንዱ ጃንጥላ ይይዛል፣ አንዷ ሳንድዊች ታጎርሳለች። በስተግራዋ ያለው ጋጣ ባዶ ነው።

የደረቅ መንገዱን ጎማ አውጥቶ የዝናቡን ጎማ መግጠም የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጎማውን ያነሳል፣ ሌላው ብረቱን ያስገባል። እሷ ጎማውን በጉልበቷ ደግፋ፣ ከሥሩ ጣውላ ሰክታ፣ በጥርሷ ብሎን ይዛ ታገለች። ጣውላው ሲንሸራተት ጎማው እግሯ ላይ አረፈ። የጎረቤቷ አባት አየ።

«ዶክተር፣ ላግዝሽ?»

«አይ፣ ለምጄዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ኩራት ራት አይሆንም ይባላል። ለእሷ ግን ቁርስም ምሳም ሆኗት ነበር። አዛውንቱ ትንሽ ቆመው አዩዋትና ወደ ልጆቻቸው ተመለሱ። ስትጨርስ ሆዷ ባሳት። አንድ ሰው ግድ ብሎ፣ እምቢታዋን ንቆ ጎማውን ቢያነሳላት ምን ነበር? እምቢ ሲሉት የሚሄድ ሰው ምን ያደርጋል?

በልምምዱ ላይ አንገቷ አሳፈራት። ከመጨረሻው ኩርባ በወጣች ቁጥር ራሷ ሳታዘው ወደ ግንቡ ጫፍ ይዞራል። ቧንቧው አለ፤ ከሥሩ አንድ ቀይ ባልዲ ተደፍቷል። ሰው የለም። በሚቀጥለው ዙር አላይም ብላ ማለች፤ አየች። ባልዲውን ልትወደው ምንም አልቀራትም ነበር።

ማምሻውን ሚኒባሷ ውስጥ ተቀምጣ ቅቅል እንቁላል በዳቦ በላች። የቆዳ ልብሷ ከጣሪያው ላይ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል፤ ራስ እንደሌለው ሰው ፊት ለፊቷ ይወዛወዛል። ከጎረቤት ጋጣ ሳቅ ይሰማል። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይላሉ ሰዎች። ቀዳሚ የሌለው ሰው ተከታይም እንደሌለው ግን አብረው አይናገሩም። ስልኳን አነሳች፣ የወንድሟን ቁጥር አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ምን ትለዋለች? ጎማ ከበደኝ? የዳቦ ፍርፋሪውን ከጭኗ ላይ አራግፋ ተኛች።

እሁድ ዝናቡ ትናንት ካቆመበት ቀጠለ። ተመልካች የሚባል የለም፤ ወንበሮቹ ውሃ ይዘው ተደርድረዋል። አስተዋዋቂው ግን ከፎቅ ላይ ባለችው የመስታወት ክፍሉ ሆኖ ለወንበሮቹ በሙሉ ድምፁ ያወራል። ይህ ሰው በአዘቦት ቀን የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል የቀሩ መንገደኞችን በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ያልመጣ ሰው ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ የመናኸሪያው ደንብ ነው። ሜዳው ላይ የሚጠራው ግን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛውን ብቻ ነው። ስለቀሩት ማን ይሰማል ብሎ ነው። ድምፅ ማጉያዎቹ በእንጨት ላይ ተሰቅለው እስከ ውጭው አጥር ድረስ ይደርሳሉ።

ተወዳዳሪዎቹ ስልክ ይዘው አይገቡም። ስልኳን በመሣሪያ ሣጥኗ ቆልፋ ቁጥር ሠላሳ ሰባትን እየገፋች ወደ መነሻው ሄደች።

ተነሱ። ከፊት ያለው ሰው የሚያስነሳው ውሃ እንደ ነጭ መጋረጃ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን የሚያውቅ የለም። እሷ አልቸኮለችም። ፍሬን የምትይዘው በሁለት ጣት፣ ሰም ላይ ጥርስ እንደምታስቀምጥ በቀስታ ነው። የቸኮሉት ግን አንድ በአንድ ይሄዱ ጀመር። አንዱ በመጀመሪያው ኩርባ ተንሸራተተ፣ ሁለቱ ተያይዘው ወደቁ፣ የጎረቤቷ ልጅ ሣር ላይ ቁጭ ብሎ ሄልሜቱን ሲያወልቅ አየችው። ዙሩ እያለቀ ሲሄድ ከፊቷ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። እሷ አላወቀችም፤ ሰሌዳ የሚያሳያት የለም። አስተዋዋቂው ግን አወቀ።

«ሦስተኛ፣ ቁጥር ሠላሳ ሰባት! ዶክተራችን! ወንዶቹን ሁሉ ዝናብ አጥቦ ሲወስዳቸው እሷ አለች!»

ወንበሮቹ ዝም አሉ።

ሁለት ዙር ሲቀር የዛፉ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማዋ ከዳት። ያው ቦታ፣ ያው ዝናብ። ሞተሩ ወደ ጎን ሲሄድ የተሰበረው ትከሻዋ ቀድሞ አወቀና ጨመደዳት። ግን አልወደቀችም። መንገዱን ስታ ሣሩ ውስጥ ገባች፣ በእግሯ እየደገፈች ጭቃውን አቋረጠች፣ ከወገቧ በላይ ጭቃ ለብሳ ተመልሳ አስፋልቱ ላይ ወጣች። ሁለት ሰው አልፏታል። ምን ቸገራት? ሞተሩ ይዞራል፣ መስመሩ ቅርብ ነው። ቁጥሯ ግን ከጭቃው ሥር ጠፍቶ ነበር።

አስተዋዋቂው መስታወቱን በእጅጌው ጠርጎ ጠበቀ። አንድ ጭቃ የለበሰ ሞተር አለፈ፤ ወደ ኋላ ከቀሩት አንዱ መስሎት ንቆ ተወው። ሠላሳ ሰባትን ጠበቀ። የመናኸሪያ ሰው የሚጠብቀውን ሰው ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

«ቁጥር ሠላሳ ሰባት አልመጣችም» አለ። «ቁጥር ሠላሳ ሰባት። ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ ከዛፉ ኩርባ አልወጣችም። ባለፈው ዓመት የወደቀችበት ቦታ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከውጭው አጥር ወዲያ፣ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ፣ አንድ የዳቦ መኪና ቆሞ ነበር። ውስጡ የተቀመጠው ሰውዬ የማለው ቧንቧው ጋ ላለመቆም ነው፤ አጥር ውጭ ላለመቆም አልማለም። በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወረደ። ነጭ የዳቦ ቤት ካፖርቱን እንደለበሰ ሮጠ። የበሩ ዘበኛ ከዝናቡ ተጠልሎ ሲያንጎላጅ በአጠገቡ አለፈ። ልቡ ጆሮው ውስጥ እየመታ ነበርና ድምፅ ማጉያው ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም። እግሩ የሚያውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቧንቧው ጋ ደረሰና ባልዲው አደናቀፈው፤ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ወደ ዛፉ ኩርባ ያይ ጀመር።

እሷ በዚያው ሰዓት ሌላ ዙር ዞራ ከመጨረሻው ኩርባ ወጣች። አንገቷ እንደ ልማዱ ዞረ።

ሰው አለ። ነጭ ካፖርት፣ እጆች ጭንቅላት ላይ።

እሱ ያለፈችው እሷ መሆኗን አላወቀም፤ ጭቃ ነበረች። እሷ ግን አወቀችው። የመጨረሻው ዙር መሆኑን የሚነግረው ባንዲራ ሲውለበለብ አየችና ሳይገባት አለፈችው። የፈሩት ይደርሳል። እማዬ ሞታለች። ዓርብ «ሥራ አለኝ» ብያት፣ ያለ እኔ፣ ጥርሷ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ። አለቀሰች። ሄልሜት ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ዓይኑን የሚጠርግበት መንገድ የለውም፤ መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም ዘነበበት። የዛፉን ኩርባ እንዴት እንዳለፈችው አላወቀችም። በሕይወቷ ያን ኩርባ ያለ ፍርሃት ያለፈችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የምትፈራው ነገር ሌላ ሆኖ ነበርና።

ከመጨረሻው ኩርባ ስትወጣ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ቀጥታው ወደ መስመሩ ይሄዳል፤ ጥቁርና ነጩ ባንዲራ እዚያ ፊት ለፊቷ ይውለበለባል። በስተግራ ያለው ጠባብ መንገድ ወደ ግንቡ ኋላ፣ ወደ ቧንቧው ይገባል። መስመሩን ያለፈ ሰው ሙሉውን ዙር ዞሮ ነው የሚመለሰው። በጠባቡ መንገድ የገባ ደግሞ አልጨረሰም ይባላል። ዓመቱን ሙሉ የፈለገችው መስመር እዚያ ነበር፤ ሰው ቢጣራ ይሰማል። ግራ እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ እገባለሁ ማለት ነው። ገባች።

ሞተሩን ቧንቧው ጋ ለቀቀችው፤ በጎኑ ተጋደመ። ሄልሜቷን ስትጎትተው ፀጉሯ አብሮ ተጎተተ።

«እማዬ ናት?»

ወንድምየው አፉን ከፍቶ አያት። መጣና ጭቃ የለበሱ ትከሻዎቿን፣ ክንዶቿን፣ ጭንቅላቷን ይዳስስ ጀመር፤ ዳቦ በስሎ እንደሆነ እንደሚያይ ሰው ጫን ጫን እያደረገ።

«ጋሼ፣ እማዬ ናት ወይ?»

«አይደለችም» አለ። «አንቺ ነሽ። አንቺን ነው የጠሩት። ሦስት ጊዜ ጠሩሽ።»

ከኋላቸው የቀሩት ሞተሮች አንድ በአንድ መስመሩን አለፉ። ሁለቱም አላዩአቸውም። ከላይ አስተዋዋቂው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እርማት አለኝ» አለ ለወንበሮቹ። «ቁጥር ሠላሳ ሰባት አለች። ይቅርታ። አለች።»

ውጤት የሚመዘግበው ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ መጣ። «ዶክተር፣ አዝናለሁ፣ አልጨረስሽም» አላት። አውቃለሁ አለችው። እሱ ሲሄድ ቁጣዋ መጣ። እግሯ ሥር የተጋደመውን ሞተር ረስታ ወንድሟ ላይ ጮኸች።

«ከየት መጣህ? ከቤት እዚህ ሁለት ሰዓት ነው፣ እንዴት ደረስክ?»

እሱ ወደ ዛፎቹ በአገጩ አመለከተ።

«መቼ ነው የመጣኸው?»

«ትናንት።»

«ትናንት? ብቻዬን ጎማ እግሬ ላይ ስጥል እዚያ ነበርክ?»

«ምያለሁ እኮ» አለ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ። «ማታ ለእማዬ ገብቼ ጠዋት ተመለስኩ። ባለፈውም መጥቻለሁ። ሰንሰለቱ የተበጠሰብሽ ጊዜም። መኪናሽ በበሩ ሲወጣ አያለሁ፣ ከዚያ በሌላው መንገድ እሄዳለሁ።»

«ከዚያ ሆነህ ምን ይታይሃል?»

«ምንም አይታየኝም። እሰማለሁ። አስተዋዋቂውም ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚጠራ፤ አንቺን ጠርቶሽ አያውቅም። ዛሬ ሦስተኛ ብሎ ሲጠራሽ ብቻዬን መኪና ውስጥ አጨበጨብኩ።»

ሦስተኛ እንደነበረች የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ፈቃዷ ሄዷል፤ የምትሄድበት አንድ ቦታ ዛሬ ተዘግቷል። የዘጋባት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ሰው መምጣቱ ነው። ማንን ትውቀስ? የምትወቅሰው ስላጣች ጭቃውን ከጣቶቿ ትልጥ ጀመር። እሱ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አነሳ። «ላግዝሽ?» አላላትም፣ እሷም እምቢ አላለችም፤ አንዱ መሪውን አንዱ ጭራውን ይዘው በዝናቡ እየገፉ ወሰዱት።

ሞተሩን ሚኒባሷ ውስጥ ጭነው ሲጨርሱ እሱ የዳቦ መኪናውን ከዛፎቹ ኋላ አውጥቶ አጥሩ ሥር አቆመውና ገብተው ተቀመጡ፤ የእሷ ማሞቂያ አይሠራም። ባዶ የዳቦ ሣጥኖች ከኋላ ይንኳኳሉ። እሱ ስልኩን አወጣና ወደ ቤት ደወለ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገው።

«እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና ነኝ። ሥራው አለቀ?»

«እያለቀ ነው።»

እሷም መናገር እንዳለባት ተሰማት። «እማዬ» አለች። «እኔም አለሁ።»

እናትየው ሁለቱን ልጆቻቸውን በአንድ ላይ ከሰሙ ዓመት አልፏቸዋል። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ተሰማ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ወንድምና እህት ተያዩ።

«ማንም አልሞተም እማዬ» አለች፣ በጭቃ እጇ አፏን ይዛ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ወንድምየው የመስታወቱን ውሃ መጥረጊያ አስነሳና ከፊት ለፊታቸው፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ቧንቧው ታየ።